የአበባ ተክሎችን የሕይወት ዑደት ለታዳጊ ተማሪዎች ማስተማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለሚያስተምሩ መምህራንና ልጆቻቸውን በቤት ለሚያግዙ ወላጆች ነው። በብዙ ክፍሎች ትምህርቱ የሚያልቀው ዘሩ በቅሎ ሁለት ቅጠል ሲያወጣ ነው። ያ ግን የዑደቱ መጀመሪያ ብቻ ነው። ልጁ አበባውን፣ ከአበባው ሥር የወጣችውን እሸት፣ በእሸቷም ውስጥ የተሰለፉትን አዳዲስ ዘሮች ካላየ «ዑደት» የሚለው ቃል ሰሌዳ ላይ የተሳለ ክብ ሆኖ ይቀርበታል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሙሉ ተክሉን ከዘር እስከ ዘር ለማድረስ የታሰቡ ናቸው።

የትኛውን ተክል ልምረጥ?

ቦሎቄን ይምረጡ፤ አደንጓሬ የሚሉትም አሉ። ዘሩ ትልቅ ስለሆነ የአንደኛ ክፍል ልጅ በጣቱ ይዞ መክፈት ይችላል። በሞቃትና በወይና ደጋ አካባቢ ከ5 እስከ 7 ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባል፤ ዘሩም በ3 ወር ገደማ ይደርሳል። ትልቁ ጥቅሙ ግን አበባው ራሱን በራሱ የሚያዳብር መሆኑ ነው። ንብ በማይገባበት ክፍል ውስጥ፣ መስኮት ሥር ቢያድግም እሸት ይይዛል።

ደጋ ላይ፣ በተለይ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ወቅት፣ ቦሎቄ ይሰንፋል፤ ውርጭ ካገኘው ደግሞ ይሞታል። እዚያ ባቄላ ይሻላል። ባቄላ ብርድ ይችላል፣ ለመድረስ ግን ከ4 እስከ 5 ወር ይፈልጋል፤ ፍሬ በደንብ እንዲይዝም የንብ እገዛ ስለሚጠቅመው ከክፍል ውጭ መተከል አለበት።

ጤፍ ለዚህ ትምህርት አይሆንም፤ ዘሩም አበባውም በልጅ ዓይን የሚለይ አይደለም። ቡና፣ ማንጎና አቮካዶ ለማየት ጥሩ ናቸው፣ ግን ለፍሬ ዓመታት ይወስዳሉ። ግቢ ውስጥ ካሉ ያስጎብኟቸው እንጂ ዋና ሥራዎ አያድርጓቸው።

ከገበያ የገዛሁት እህል ይበቅላል?

ሙሉው ጥሬ እህል አብዛኛውን ጊዜ ይበቅላል። ክክ አይበቅልም፤ ሲከካ ሽሉ፣ ማለትም በዘሩ ውስጥ ያለው ገና ያልበቀለ ትንሽ ተክል፣ ይሰበራል ወይም ይወድቃል። የተቆላና የተቀቀለውም ሞቷል። ለልጆቹ ይህን ራሱን ሙከራ ያድርጉት፦ አንድ ሙሉ አተር፣ አንድ የአተር ክክ፣ አንድ የተቆላ አተር በእርጥብ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ዘር ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን ከዚህ በላይ በግልጽ የሚያሳይ ሙከራ የለም። ቤታቸው ብቅል ሲበቀል ወይም በቆልት ሲዘጋጅ ያዩ ልጆች ደግሞ ከእርስዎ ቀድመው መልሱን ይነግሩዎታል፤ ይናገሩ።

ከትምህርቱ አንድ ሳምንት በፊት ዘሩን ይፈትሹ። 20 ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልሉና በየቀኑ ያርጥቡት። በ7ኛው ቀን 16 ወይም ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ጥሩ ነው። ከግማሽ በታች ከሆነ ሌላ ይግዙ። ነቀዝ የበሳውን አስቀድመው ይልቀሙ።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ ሮዝ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ምርጥ ዘር ለልጆች እጅ አይሰጥም። ቀለሙ ዘሩ በፀረ ተባይ ወይም በፀረ ሻጋታ መድኃኒት መታሸቱን የሚጠቁም ምልክት ነው።

ሥሩ ሲወጣ ልጆቹ እንዲያዩ ዘሩን እንዴት ላብቅለው?

ግልጽ የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጠው ያስወግዱ፤ የተቆረጠው ጠርዝ እጅ እንዳይቆርጥ በፕላስተር ይሸፍኑት። ውስጡን ዙሪያውን በሶፍት ወይም በወፍራም ለስላሳ ወረቀት ሁለት ሦስት ድርብ ያልብሱት። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ እንዲቆም መሀሉን በታጠበ አሸዋ ወይም በጥጥ ይሙሉ።

ዘሩን ማታ ነክረው ጠዋት ያውጡት፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይበቃል። ከአንድ ቀን በላይ ውኃ ውስጥ የቆየ ዘር አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ከዚያ በጠርሙሱ ግድግዳና በወረቀቱ መካከል፣ ከአፉ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርገው፣ አራት ዘር አራራቀው ያስገቡ። አንዱን ተኝቶ፣ አንዱን ቆሞ፣ አንዱን ተገልብጦ ያድርጉት። ዘሩ በየትኛውም በኩል ቢቀመጥ ሥሩ ወደ ታች፣ ግንዱ ወደ ላይ እንደሚዞር ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ውኃውን አሸዋው ወይም ጥጡ ላይ በቀስታ ያፍሱ። ወረቀቱ ከታች እየሳበ ይርሳል። ግርጌው ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ ቢኖር በቂ ነው፤ ዘሮቹ ራሳቸው ውኃ ውስጥ መዋል የለባቸውም። ጠርሙሱን በጥቁር ጨርቅ ወይም በካርቶን ይጠቅልሉና ለማየት ብቻ ይግለጡት።

በሙቅ ክፍል ውስጥ ዘሩ በመጀመሪያው ቀን ያብጣል፤ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ሥር ያወጣል፤ ከሳምንት በኋላ የጎበጠው ግንድ ቀና ይላል። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ይህ ሁሉ እጥፍ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ።

ክፍሌ 60 ተማሪ አለው። ምን ያህል ዘርና ዕቃ ያስፈልገኛል?

አምስት አምስት ሆነው ከተቧደኑ 12 ቡድን ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ጠርሙስና 4 ዘር፣ በድምሩ 48። 20 ያህል መጠባበቂያ ይጨምሩ፤ የአንድ ቡድን ዘር ጨርሶ ሳይበቅል ሲቀር የልጆቹ ፊት ምን እንደሚመስል ማንም መምህር ያውቃል፣ ስለዚህ መተኪያው አስቀድሞ የበቀለ መሆን አለበት።

የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለመትከልና ለመመዝገብ አይበቃም። የመጀመሪያው ቀን መትከል ብቻ ይሁን። ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ 5 ደቂቃ ይበቃል፦ በክር ይለኩ፣ ይሳሉ፣ ቀን ይጻፉ። ክሩ ተቆርጦ ወረቀት ላይ በተራ ሲለጠፍ ራሱ የእድገት ሰንጠረዥ ይሆናል፤ ሴንቲ ሜትር ገና ያልተማሩትም ይሠሩታል።

እርስዎ ደግሞ ለብቻዎ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ5ኛውና በ7ኛው ቀን ጥቂት ጥቂት ዘር ይንከሩ። በ9ኛው ቀን ሁሉም ደረጃ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይሰለፋል።

ዘሩ ሻገተ፤ ወይም ጭራሽ አልበቀለም። ምን ተሳሳተ?

ሻጋታ በብዛት የሚመጣው ከውኃ ብዛትና ከተሰበረ ዘር ነው። የሻገተውን አውጥተው ይጣሉ፣ ወረቀቱን ይቀይሩ፣ የቀሩትን ዘሮች ያጥቡ። ያልበቀለ ከሆነ አንዱን ይክፈቱት፦ ውስጡ ለስልሶ የሚሸት ከሆነ ውኃ በዝቶበታል፤ ጠንካራና ደረቅ ከሆነ ውኃ አልደረሰውም። ያበጠና ጤናማ ከሆነ ምናልባት ብርድ ነው፤ ሌሊት ከመስኮቱ ያርቁት።

ብዙ ሙከራ የሚበላሸው ግን ቅዳሜና እሁድ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ውኃውን ሞልቶ የሚሄድ ተረኛ ይሰይሙ።

ቡቃያው ጥጥ ላይ ጥሩ እያደገ ነበር፣ ከዚያ ቢጫ ሆኖ ሞተ። ለምን?

ስንቁን ስለጨረሰ ነው። ቡቃያው በመጀመሪያ የሚመገበው በክኮቹ፣ ማለትም በዘሩ ሁለት ግማሾች፣ ውስጥ የተቀመጠለትን ምግብ ነው። ክኮቹ ሲሟሽሹና ሲረግፉ ቅጠሎቹ በብርሃን ምግብ መሥራት አለባቸው፤ ለዚህም ከአፈር የሚገኙ ማዕድናት ያስፈልጋሉ። ጥጥና ውኃ ይህን አይሰጡም።

የመጀመሪያዎቹ እውነተኛ ቅጠሎች እንደተዘረጉ ወደ አፈር ያዛውሩት። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከላይ ቆርጠው ግርጌውን አምስት ስድስት ቦታ ይብሱ። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ብስባሽ ይቀላቅሉ፤ ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል። በአንድ ጀሪካን ሁለት ተክል ይበቃል። ሲያዛውሩ ወረቀቱን ከሥሩ ላይ አይላጡ፣ አብሮ ይቀበር። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ ያስቀምጡት፤ ጥላ ውስጥ ከሆነ ግንዱ ቀጥኖ ይመዘዝና ይወድቃል። ግቢው ውስጥ ዶሮና ፍየል ካለ በእሾህ ማጠር ግዴታ ነው።

በትምህርት ዓመቱ ውስጥ መቼ ልጀምር?

ሁለት አማራጭ አለ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ማሳው ራሱ ያስተምራል፦ በክረምት የተዘራው ባቄላ ያብባል፣ ጥቅምት ላይ እሸት ይሆናል። በዚህ ወቅት መጀመሪያ አበባውንና እሸቱን አሳይቶ ከዚያ ወደ ዘር መመለስ ይቻላል። ዑደት ስለሆነ ከየትም ቢጀመር ችግር የለውም።

ሁለተኛው አማራጭ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ዘርቶ ጥር ላይ መሰብሰብ ነው። ውርጭ በሚጥልበት ደጋ ግን ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለቦሎቄ ክፉ ነው፤ እዚያ የካቲት ላይ ይጀምሩ፤ ሰኔ ሳይገባ ይደርሳል።

የቦሎቄው ክኮች ከአፈር ወጥተው ግንዱ ላይ ተንጠለጠሉ፤ የባቄላው ግን አልታዩም። የቱ ነው ትክክል?

ሁለቱም ትክክል ናቸው። የቦሎቄ ግንድ ክኮቹን ተሸክሞ ይወጣል። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር ክኮቻቸውን አፈር ውስጥ ትተው ጫፋቸውን ብቻ ይልካሉ። በቆሎ ደግሞ አንድ ክክ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም መሬት ውስጥ ይቀራል። የመማሪያ መጽሐፉ ሥዕል አንዱን ዓይነት ብቻ ስለሚያሳይ ልጆች የራሳቸው ተክል የተሳሳተ ይመስላቸዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያብቅሉ።

የአበባን ክፍሎች በየትኛው አበባ ላሳይ?

ብዙ መምህራን አደይ አበባን ወይም የሱፍ አበባን ያመጣሉ። ውብ ናቸው፣ ለመጀመሪያ ትምህርት ግን ያደናግራሉ። አንድ አበባ የሚመስለው የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው፤ ልጁ «ወንዴውና ሴቴው የት አለ?» ሲል የሚያሳዩት ነገር አያገኙም። የቦሎቄና የባቄላ አበባም ወንዴውንና ሴቴውን ጠቅልሎ ደብቆ ይይዛል።

ያበበ የሐበሻ ጎመን ይፈልጉ። ሳይቀነጠስ ቆይቶ ግንድ አውጥቶ ቢጫ ያበበ ጎመን በየጓሮው አለ፣ ዋጋም አያስወጣም። አበባው ክፍት ነው፤ ቁጥሩም ቋሚ ነው፦ ከውጭ 4 አረንጓዴ አቃፊ ቅጠሎች፣ ቀጥሎ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጉ 4 ቢጫ የአበባ ቅጠሎች፣ ቀጥሎ 6 ወንዴ አካላት (4 ረጃጅም፣ 2 አጫጭር)፣ መሀል ላይ 1 ሴቴ አካል። ለእያንዳንዱ ጥንድ ተማሪ አንድ አበባ ይስጡ። ከውጭ ወደ ውስጥ በጥፍር እየነጠሉ በወረቀት ላይ በአራት ረድፍ ይደርድሩ፣ ይቁጠሩ፣ በፕላስተር ይለጥፉ። ወንዴውን በጥቁር ወረቀት ወይም በጣት ላይ ሲነኩት ቢጫ ብናኝ ይቀራል።

ከዚያ ሙሉውን ዘለላ ያንሱ። አናቱ ላይ ያልተከፈቱ እምቡጦች፣ ዝቅ ሲል የተከፈቱ አበቦች፣ ከዚያ በታች ቅጠላቸው ረግፎ ሴቴው ብቻ የቀረባቸው፣ ከሥር ደግሞ ቀጫጭን ዘር የያዙ ፍሬዎች። ከላይ ወደ ታች በጣት እየተከተሉ ሲወርዱ የሳምንታት ለውጥ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ይነበባል። አበባ ወደ ፍሬ ይለወጣል የሚለውን ዓረፍተ ነገር ልጆች ማመን የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነው፤ ለዚህ ሰዓት አይሰስቱ። ከገበያ ፎሶሊያ ካገኙ ይጨምሩበት፤ ያልበሰለ የቦሎቄ ፍሬ ነው። ጫፉ ላይ የቀረችው ቀጭን ጭራ የሴቴው አካል ቅሪት ናት፣ ሲከፈት ደግሞ ትንንሽ ዘሮቹ ይታያሉ።

ርክበ ብናኝን ለትንንሽ ልጆች እንዴት ላስረዳ?

ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል «ብናኙ ከወንዴው ወደ ሴቴው ሲደርስ ፍሬ ይጀምራል» ማለት ይበቃል። ከዚያ በላይ ላሉት ሁለት ተክሎች ይረዱዎታል።

አንዱ ዱባ ነው። በአንዱ ሐረግ ላይ ወንድና ሴት አበባ ለየብቻ ይወጣሉ። ወንዱ ቀጭን ረጅም አገዳ ላይ ይቆማል፤ ሴቷ ከአበባዋ ሥር ገና ከጅምሩ ትንሽ የዱባ ኳስ አላት። አበቦቹ ንጋት ላይ ተከፍተው እኩለ ቀን ሳይሆን ስለሚከደኑ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ይውጡ። አንድ ወንድ አበባ ቆርጠው ቅጠሎቹን ይንጩና መሀሉን በሴቷ መሀል ላይ ቀስ ብለው ያሹ፤ በክር ምልክት ያድርጉ። ሌላ ሴት እምቡጥ ደግሞ ሳይከፈት በስስ ጨርቅ ሸፍነው ያስሩ። የመጀመሪያዋ ትፋፋለች፤ የታሰረችው በቀናት ውስጥ ቢጫ ሆና ትረግፋለች።

ሌላው የበቆሎ እሸት ነው። ልባሱን ቀስ ብለው ሲገልጡ እያንዳንዱ የበቆሎ ጸጉር ከአንድ ፍሬ ጋር መያያዙ ይታያል። ነፋስ ከአናቱ ያወረደው ብናኝ ያልደረሰው ጸጉር ፍሬ አይሰጥም። ጥርሱ የጎደለ እሸት ካገኙ አይጣሉት፤ ለዚህ ትምህርት ከሙሉው ይበልጣል።

ቦሎቄያችን አበበ፣ አበባው ግን ረገፈ።

ጥቂቱ መርገፉ የተለመደ ነው። አብዛኛው ከረገፈ በአበባ ሰዓት ውኃ ጠምቶታል ወይም ሙቀት በዝቶበታል። ቅጠሉ ለምለም ሆኖ አበባው ካነሰ ደግሞ ማዳበሪያው በዝቷል።

ልጆች በብዛት የሚሳሳቱት የቱ ላይ ነው?

«ዘር ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል» የሚለው አንዱ ነው። ሁለት ጠርሙስ አንዱን በካርቶን ሳጥን፣ አንዱን በመስኮት ያስቀምጡ። ሁለቱም ይበቅላሉ፤ የጨለማው ግን ነጭ፣ ረጅምና ደካማ ይሆናል። ለመብቀል ውኃ፣ አየርና ተስማሚ ሙቀት፤ ለማደግ ብርሃን ያስፈልጋል። በአንድ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ብርሃኑንም ውኃውንም ከነፈጉት ምክንያቱ አይለይም።

ሌላው ርክበ ብናኝንና የዘር ስርጭትን መቀላቀል ነው፤ በሁለቱም ውስጥ ነፋስና እንስሳ ስላሉ ይመስላል። ብናኝ የሚጓዘው ከፍሬ በፊት፣ ዘር የሚጓዘው ከፍሬ በኋላ መሆኑን ደጋግመው ያሳዩ። ልብስ ላይ የሚጣበቅ ጭጎጎት፣ የጃካራንዳ ክንፋማ ዘር፣ ፍየል የምትበላው የግራር ፍሬ፣ ሲደርቅ ተፈንጥቆ የሚከፈት ቦሎቄ ለስርጭቱ በቂ ምሳሌ ናቸው።

ፍሬ ማለት ጣፋጭ ነገር ብቻ የሚመስላቸውም ብዙ ናቸው። ቲማቲምና ቃሪያ ይክፈቱላቸው፤ በአበባ ተክሎች ላይ ዘር የያዘው ክፍል ሁሉ ከአበባ የመጣ ፍሬ ነው።

«ሾላ አያብብም» ቢሉኝስ? ጥድስ? እንሰትስ?

ሾላና ዋርካ ያብባሉ፤ አበቦቻቸው ፍሬ በሚመስለው ክብ ውስጥ ተደብቀው ነው፣ ብናኙንም የሚያደርሱት ወደ ውስጥ የሚገቡ ጥቃቅን ተርቦች ናቸው። ያልበሰለ ሾላ ለሁለት ሲቆረጥ አበቦቹ ይታያሉ። ጥድና ዝግባ ግን ዘር ቢኖራቸውም አበባ የላቸውም፤ ከዚህ ዑደት ውጭ ናቸው።

እንሰት የሚያብበው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ካፈራ በኋላ ይሞታል። ገበሬው ግን ዘር አይጠብቅም፣ ከአሚቾው፣ ማለትም መሬት ውስጥ ካለው ወፍራም ግንዱ፣ ችግኝ ያወጣል። ድንች፣ ሙዝና ሸንኮራ አገዳም በዘር ሳይሆን በአካላቸው ይባዛሉ። የእንሰት አካባቢ ልጆች ይህን ማንሳታቸው አይቀርምና ይዘጋጁበት።

ለደኅንነት ምን ልጠንቀቅ?

ጉሎና አስተናግር ለሙከራ አይመጡም፤ ዘራቸው መርዝ ነው። ጥሬ ቦሎቄ መብላት ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፤ ልጆች አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱ፣ ትንንሾቹም ጆሮና አፍንጫቸው ውስጥ እንዳያስገቡ ዘሩን ቆጥረው ይስጡ፣ ቆጥረው ይቀበሉ። ከሥራው በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

መማራቸውን በምን ላረጋግጥ?

የደረጃዎችን ስም በቃል ማስጠራት ብዙ አይነግርዎትም። ይልቅ ስድስት እውነተኛ ነገሮች ጠረጴዛ ላይ ያለ ቅደም ተከተል ያስቀምጡ፦ ደረቅ ዘር፣ ያበጠ ዘር፣ ሥር ያወጣ፣ ቡቃያ፣ አበባ፣ እሸት። በክብ እንዲያሰልፉና እያንዳንዱ እንዴት ወደሚቀጥለው እንደሚለወጥ እንዲናገሩ ያድርጉ። ማየት የተሳነው ተማሪ በእጁ እየዳሰሰ እኩል ይሠራዋል። ከዚያ «ንብ ባይኖር የትኛው ላይ ይቆማል?» ብለው ይጠይቁ፤ ለዱባና ለቦሎቄ የተለያየ መልስ የሰጠ ልጅ ነገሩ ገብቶታል።

የሰበሰብነውን ዘር ለሚቀጥለው ክፍል ማስቀመጥ ይቻላል?

ይቻላል፣ ይገባልም። ልባሱ ደርቆ ሲንቀጫቀጭ ይሰብስቡ፤ ፈልፍለው ጥላ ውስጥ ያስጡት። በጥፍር ሲጫኑት ምልክት የማይቀበል ከሆነ ደርቋል። የቦሎቄ ጠላት ነቀዝ ነው፦ አየር እንዳያገኝ ደረቅ የሃይላንድ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተው ክዳኑን አጥብቀው ይዝጉ። ዘሩ ጠርሙሱን የማይሞላ ከሆነ ትንሽ ጠርሙስ ይጠቀሙ። የተክሉን ስም፣ የተሰበሰበበትን ወርና ዓመት፣ የክፍሉን ስም ጽፈው ይለጥፉና ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ያኑሩት። ከመዝራትዎ በፊት የ20ውን ዘር ፍተሻ ይድገሙ።